ፊቴን ለታደጉልኝ ሐኪም ምስጋና፣ ፊለር ለምታስቡም ጥቆማ

ይህን ምስጋና ለብቻዬ ይዤው ብቀመጥ ኅሊናዬ እረፍት አይሰጠኝም። ከንፈሬን ላስተካከሉልኝ የቆዳ ሐኪም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጃቸውን ይባርክልኝ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አይወዱም፤ በግል ለሚጠይቀኝ ግን ሳልሰስት እነግራለሁ።

እሳቸውን ያገኘኋቸው ሌላ ቦታ ፊለር፣ ማለትም ከንፈርን ወይም ፊትን ለመሙላት ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነገር፣ ተወግቼ ከተበላሸሁ በኋላ ነው። የቦታውን ስም አልጠራም። ወንበሩ ምቹ፣ መስታወቱ ትልቅ፣ ፈገግታው ብዙ ነበር። ምን ሕመም እንዳለብኝ፣ ምን መድኃኒት እንደምወስድ፣ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኔን እንኳን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ክፍያውን ብቻ ደጋግመው ነገሩኝ። መርፌው ከሌላ ክፍል ተሞልቶ መጣ፤ ማሸጊያውን በዓይኔ አላየሁትም። የከንፈሬ እብጠት ሲቀንስ እንደ ጠጠር የሚዳሰስ ጓጎላ ቀረ። ደውዬ ምን እንደወጉኝ ስጠይቅ «ጥሩ ነገር ነው፤ አሸት አሸት አድርጊው» ተባልኩ። ጥሩ ነገር! ይህ የመድኃኒት ስም ነው?

እኚህ ሐኪም ግን መርፌ ከማንሳታቸው በፊት ጥያቄ ያነሳሉ። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስድ እንደሆነ፣ ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኝ እንደሆነ፣ በቅርቡ የጥርስ ሕክምና እንዳለብኝ ጠየቁኝ። ቀጥለው ደግሞ «ንብ ነድፎሽ ያውቃል?» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። ከንፈሬ ውስጥ ያለው ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው የፊለር ዓይነት ከሆነ ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መድኃኒት ሊሟሟ እንደሚችል፣ ሃያሉሮኒዴዝ በንብ መርዝ ውስጥም እንዳለ፣ ስለዚህ ንብ ሲነድፈው ክፉኛ የሚቆጣ ሰው በመድኃኒቱም ሊቆጣ እንደሚችል በትዕግሥት አስረዱኝ። ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ሳይንስ አልያዝኩትም፤ ያችን ጥያቄ ግን አልረሳትም። የቀደሙት ስሜን እንኳን በትክክል አልጻፉትም ነበር።

በአልትራሳውንድ አይተው የሚሟሟ ዓይነት መሆኑን ነገሩኝ። ሲሊኮን ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ አይሠራበትም ነበር። በመድኃኒቱ አሟሙተውት ጓጎላው ሲጠፋ እዚያው ከንፈሬን እንዲሞሉልኝ ለመንኩ፤ ገንዘቡንም ይዤ ነበር። እምቢ አሉ። «መጀመሪያ ቆዳሽ ይረፍ» ብለው ከሳምንታት በኋላ ቀጠሩኝ። ገንዘብ እጁ ላይ ሲቀርብለት እምቢ የሚል ሰው ስንት አለ?

ቀኑ ሲደርስ እሽጉን ፊት ለፊቴ ከፈቱ፤ የምርቱ ስምና መለያ ቁጥር ያለበትን ወረቀትም ሰጡኝ። ትንሽ ወግተው ይቆማሉ፤ ቆዳዬን ጫን አድርገው ለቀቅ ያደርጉና ቀለሙ መመለሱን ያያሉ፤ እንደገና ይቀጥላሉ። ፊለር ወደ ደም ሥር ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ አልፎ አልፎም ዓይን ሊያጠፋ እንደሚችል ሳይደብቁ ነግረውኛል። ኃይለኛ ሕመም፣ የቆዳ መንጣት ወይም መዥጎርጎር፣ የዓይን ብዥታ ከመጣ ያኔውኑ ሐኪም ጋር መድረስ ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። የማሟሟያው መድኃኒት ከአጠገባቸው ነበር። እናንተም የትም ብትሄዱ መኖሩን ሳትጠይቁ ፊታችሁን አትስጡ። ማታ ራሳቸው ደውለው እንዴት እንደሆንኩ መጠየቃቸውን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

ሃያ ዓመት ያልሞላት ታናሽ እህቴም ከንፈሯን በግፊት ብቻ በሚረጭ፣ መርፌ በሌለው መሣሪያ ቤት ውስጥ ልትሞላ አስባ ነበር። ይዣት ወደ እሳቸው ሄድኩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 ስለዚህ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ማውጣቱን፣ ፊለርንም የፈቀደው ዕድሜያቸው ከ21 በላይ ለሆኑ ሰዎች መሆኑን ነገሯት። ሳይቆጧት፣ ሳያሳፍሯት። የብጉር መድኃኒት ጽፈውላት ተመለስን፤ እሷም አሁን ከእኔ ብሳ ታወድሳቸዋለች።

እባካችሁ፣ ፊታችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ መጠየቃቸው አይቀርም።