ለካራቴ አሰልጣኛችን ምስጋና፦ ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ሠልጣኞች ሁሉ የምጠቁማቸው ባለሙያ

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ለካራቴ አሰልጣኛችን ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ፣ እንዲሁም ግጥሚያ ሊያበቃ ሲል ጉልበት ለሚከዳቸው ሠልጣኞችና ለልጆቻቸው ጥሩ አሰልጣኝ ለሚፈልጉ ወላጆች እርሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስለማይወዱ እኛ እንደምንጠራቸው ሴንሴይ (በጃፓንኛ መምህር ማለት ነው) ብቻ እላቸዋለሁ። የማመሰግናቸው ከሁሉ በላይ በአንድ ጉዳይ ነው፤ የአካል ጽናትን ከካራቴው ሳይነጥሉ፣ የካራቴው አካል አድርገው ስላስተማሩን ነው።

በብዙ ማሠልጠኛዎች የጽናት ሥራ ማለት ሰውነት ለማሟሟቅ የሚደረግ ሶምሶማ ወይም ላረፈደ ሰው የሚሰጥ ቅጣት ነው። ፑሽ አፑ ይቆጠራል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ከዚያም ያ ሁሉ ድካም ከቡጢውና ከእርግጫው ጋር በምን እንደሚገናኝ ሳይነገር ወደ ቴክኒኩ ይታለፋል። ሴንሴይ ግን አዲስ ሠልጣኝ ሲቀበሉ አስቀድመው የሚጠይቁት፣ "ሲደክምህ መጀመሪያ የሚበላሽብህ የትኛው ነው?" ብለው ነው። መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። የአንዱ ፊቱን የሚጠብቅለት እጅ ሳይታወቀው ዝቅ ይላል፤ ሌላው ወገቡን ማዞር ትቶ በትከሻው ብቻ ይገፋል፤ የሌላው ደግሞ ወደ ወገብ ተስቦ መመለስ ያለበት እጅ፣ ማለትም ሂኪቴ የምንለው፣ መንገድ ላይ ይቀራል። ሴንሴይ ይህን ሁሉ በደብተራቸው ይመዘግባሉ፤ የእያንዳንዳችንን የጽናት ልምምድም የሚያቅዱት ከዚሁ ተነሥተው ነው።

ምክንያቱንም ሳያስረዱን አላለፉም። የአዋቂዎች የኩሚቴ፣ ማለትም ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚፋለሙበት የካራቴ ግጥሚያ፣ በዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን ደንብ 3 ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ጥቃት ከተጀመረ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ይጠናቀቃል፤ ኃይሉንም የሚያገኘው ጡንቻ ውስጥ ተከማችቶ ከሚገኘው፣ ኦክስጅን ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ከሚነድደው ፎስፎክሬቲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። በሙሉ ኃይል ከተሠራ ይህ ክምችት በ10 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይመናመናል። ካራቴ የፍንዳታ ኃይል ስፖርት ስለሆነ የረጅም ጊዜ ሩጫ አይጠቅመውም የሚሉ ሰዎች የሚያዩት እዚህ ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ያ ያለቀው ክምችት ግን ተመልሶ የሚሞላው በኦክስጅን ነው፤ ግማሽ ያህሉ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ቢመለስም ሙሉ በሙሉ ለመተካት ደቂቃዎች ይፈጃል። ስለዚህ በሁለት ጥቃቶች መካከል ተጋጣሚዎቹ እየተንቀሳቀሱ ርቀት በሚለካኩባቸው ሰከንዶች ልብና ሳንባ ሥራቸውን በሚገባ ካልሠሩ፣ አምስተኛው ቡጢ የመጀመሪያውን ያህል ሊፈጥን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኩሚቴ የኃይል አጠቃቀም ጥናትም ለግጥሚያው ከሚወጣው ጉልበት ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው በኦክስጅን የሚመነጭ መሆኑን አሳይቷል። ነጥብ የሚያስገኘው ቅጽበት ኦክስጅን አይጠብቅም፤ ያንን ቅጽበት ደጋግሞ ማምጣት የሚቻለው ግን በኦክስጅን ነው። ይህን ልዩነት በግልጽ የሚያስረዳ አሰልጣኝ ብዙ አላጋጠመኝም።

ልምምዱም ይህንኑ ይከተላል። መሠረቱ እየተነጋገሩ ሊሮጡት በሚቻል ፍጥነት የሚደረግ ረዘም ያለ ሶምሶማ ነው፤ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተውን ሠልጣኝ ሴንሴይ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ግጥሚያውን የሚመስሉ ዙሮች ይመጣሉ፦ ጥቂት ሰከንድ በሙሉ ኃይል ፓድ (ለመምቻ የሚያዝ ትራስ) መምታት፣ ቀጥሎ ሳይቆሙ ቀለል አድርጎ መንቀሳቀስ፣ ከዚያም እንደገና ማጥቃት። ታባታ በሚል ስም የታወቀውን፣ 20 ሰከንድ ሠርቶ 10 ሰከንድ ማረፍን የሚጠይቀውን ልምምድ ያውቁታል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የዚህ ልምምድ ጥናት የተሠራው በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ እንደነበረ እያስታወሱ፣ የተወሳሰበ ቴክኒክ እንዲሠራበት ፈጽሞ አይፈቅዱም። በዚያ ዓይነት ድካም ውስጥ የምንሠራው ግያኩ ዙኪን (ከፊተኛው እግር ተቃራኒ በሆነው እጅ የሚሰነዘር ቡጢ) ወይም የፊት እርግጫን የመሰለ፣ ከልጅ እስከ አዋቂ የሚያውቀውን ነገር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሴንሴይ ሙያ ለእኔ ከሁሉም በላይ ጎልቶ ይታየኛል። ዙሩን የሚያስቆሙት ሰዓቱ ሲያልቅ ብቻ ሳይሆን ቴክኒኩ ሲበላሽም ጭምር ነው። እጁ የወረደ ሠልጣኝ ገና ሰከንዶች ቢቀሩትም ወደ ዳር ወጥቶ ትንፋሹን እንዲመልስ ያደርጉታል፤ ሰውነት ደጋግሞ የሠራውን ነገር ይይዛልና፣ ተበላሽቶ የተደጋገመም ቢሆን ይይዛል ይላሉ። ሠልጣኙ እስኪወድቅ ማድከም ጥንካሬን ይገነባል የሚል እምነት ባለበት ስፖርት ውስጥ ይህን ማድረግ ድፍረት የሚጠይቅ ይመስለኛል።

አብራን የምትሠለጥን አንዲት ወጣት በግጥሚያ መጀመሪያ ላይ ፈጣን ሆና ሳለች ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ እግሮቿ ይከብዱባት ነበር። ሁላችንም ተጨማሪ ሩጫ ያስፈልጋታል ብለን ነበር። ሴንሴይ ግን ጎን ለጎን ቆመው ትከሻዎቿን ብቻ ሲመለከቱ ቆዩና፣ "ልጄ፣ ስታጠቂ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ፤ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ሲወጣ ይታየኛል" አሏት። ከዚያ በኋላ ለተከታታይ ሳምንታት የሰጧት ሥራ በእያንዳንዱ ምት ላይ አጭር ትንፋሽ ማስወጣት፣ ጥቃቱ ሲያበቃም ወደ ኋላ በምታፈገፍግባቸው እርምጃዎች ላይ በአፍንጫዋ ረጋ ብላ መሳብ ነበር። ዛሬ በመጨረሻው ደቂቃ ተጋጣሚዋን የምትጫነው እርሷ ናት።

ካታንም፣ ማለትም ያለ ተጋጣሚ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራውን የእንቅስቃሴ ስብስብ፣ በዚሁ ዓይን ያዩታል። ካንኩ ዳይን የመሰለ 65 እንቅስቃሴ ያለው ረጅም ካታ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የሚታየው መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ የሚዛን ጉድለት ተደርጎ ይወሰዳል፤ እርሳቸው ግን ያንኑ የመዝጊያ ክፍል ለብቻው አሠርተው ያለ እንከን ከተሠራ ችግሩ የእግር ጽናት መሆኑን ያሳያሉ።

እንደ ወላጅ ደግሞ አጥብቄ የማመሰግናቸው በደኅንነት ጉዳይ ነው። በነጥብ በሚካሄደው ኩሚቴ በተጋጣሚ ፊት ላይ የሚሰነዘር ቡጢ በቁጥጥር መቆም አለበት፤ ከልክ ያለፈ ምትም ያስቀጣል። የደከመ ክንድ ግን በታሰበው ቦታ አይቆምም፣ የደከመ ዓይንም ርቀት በትክክል አይለካም፤ ስለዚህ የአንዱ ልጅ ትንፋሽ ማለቅ ለሌላው ልጅ አፍንጫ አደጋ ነው። ሴንሴይ ልጆቹ በግልጽ ከደከሙ በኋላ ነፃ ፍልሚያ አያስጀምሩም፤ ለእነርሱ የሚመድቡት የጽናት ሥራም በአመዛኙ አጫጭር ዙር ያለው የማሳደድና የማምለጥ ጨዋታ ነው። ልጄ ከዚያ ሲመለስ የሚያወራኝ ስለ ጨዋታው እንጂ ስለ ድካሙ አይደለም።

ወደ እርሳቸው ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ የጤና ታሪካችሁን በዝርዝር ለመናገር ተዘጋጁ፤ የልብ፣ የአስም ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበትን ሰው ሐኪም ሳያየው ከባድ ዙር አያስገቡም። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሡ የልብ ምታችሁን እየቆጠራችሁ እንድትመዘግቡም ይጠይቋችኋል፤ ከወትሮው ከፍ ብሎ ከሰነበተ የልምምዱን ጫና ይቀንሱላችኋል። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እርሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ውድድር ያለባችሁ ግን ወራት ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚመጣን ተወዳዳሪ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጽናት ሊገነቡለት እንደማይችሉ በግልጽ ነግረውት፣ የሚያሠሩት ዕረፍትንና ቀለል ያለ ልምምድን ብቻ ነው።