ለደብረ ማርቆሷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምስጋና፣ የጀርባ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸውም ጥቆማ

የጎበጠ ወይም የተጣመመ አከርካሪያቸው በቀዶ ሕክምና ተስተካክሎላቸው ወደ ጎጃም የሚመለሱትን ለምትከታተለው፣ ደብረ ማርቆስ ለምትሠራው እህታችን ምስጋናችን ይድረሳት። ስሟ እንዲጠራ አልፈቀደችም። በአጥንት ሕክምና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ታካሚ የምንልክላት ጀርባ ውስጥ የገባው ብረት ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ጠንቅቃ ስለምታውቅ ነው።

ብዙ ቤተሰብ «ብረት ገብቶለታል፣ ከእንግዲህ ምንም አይነካው» ይላል። ብረት የሚባሉት ብሎኖችና ሁለት ዘንጎች ግን አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ብቻ የሚያቆዩ ናቸው። የተተከለለት አጥንት ገጥሞ ሸክሙን እስኪረከብ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይፈጃል። ካልገጠመ ዘንጉ ወዲያ ወዲህ እንደሚታጠፍ ሽቦ ይዝልና ይሰበራል። በቀን 5,000 እርምጃ የሚራመድ ሰው በዓመት ከ1.8 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይጭነዋልና። አጥንቱ የሳሳ ከሆነ ደግሞ ዘንጉ ደህና ሆኖ ብሎኑ ይላላል።

እህታችን ይህን በጀሪካን ታሳያለች። ባዶውን ጀሪካን ክንድ ዘርግቶ ማስያዝ፣ ቀጥሎ ደረት ላይ ማስጠጋት፣ ከዚያ ስሌቱ፦ 20 ኪሎ ከአከርካሪው 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲያዝ፣ የጀርባ ጡንቻ የሚጎትተው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ስለሆነ 8 እጥፍ፣ ማለትም 160 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠየቃል። ይህ ሁሉ አከርካሪውንና ብረቱን ይጫናል። ሙሉ ጀሪካን ለማንሳት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይጠበቃል፤ ይህን ካዩ በኋላ የሚከራከር አይገኝም።

ጤፍ ማረምና ስግደት ላይም እንዲሁ ነች። ጎንበስ ሲባል ጫናው የሚበረታው ብረቱ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው፤ በብረቱ ተይዞ የማይታጠፈው ክፍል ከሚንቀሳቀሰው ጋር የሚገናኘው እዚያ ነዋ። ከጫፉ በላይ አዲስ ጉብታ የሚወጣውም በዚህ ነው። ስለዚህ ቆሞ መጸለይን ትመክራለች፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩም ታሳስባለች። ምጣዱ ወገብ ድረስ ከፍ እንዲል፣ ከአልጋ ሲነሱም ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ ዞሮ በጎን እንዲነሱ ታስለምዳለች። ለረጅም መንገድ አውቶቡስ መሐል ላይ መቀመጥ ይሻላል፤ የኋላው ወንበር ክፉኛ ያነጥራል።

ከሁሉ የምናደንቅላት የራጅ ጥንቃቄዋን ነው። ተኝተው የተነሱትን አትቀበልም። ቆመው፣ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ ጣቶች የአንገት አጥንት ላይ አርፈው፣ ከፊትና ከጎን፤ አለዚያ ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር አይቻልም። በብሎኑ ዙሪያ የመላላት ምልክት የሆነውን ጥቁር ቀለበት ካየች፣ ወይም ከብረቱ በላይ ያለው መጉበጥ ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ራጅ ከ10 ዲግሪ በላይ ከጨመረ፣ እንቅስቃሴውን አቁማ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ትመልሳለች።

«ቀጭ» የሚል ድምፅና ድንገተኛ ሕመም፣ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። እግር መዛል ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ከቡሬም፣ ከሞጣም፣ ከደጀንም የምትመጡ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። የቀዶ ሕክምናውን ወረቀትና የመጀመሪያውን ራጅ ይዛችሁ ኑ።