«ፈርሞ ነው የሚያየው»፦ የአደራ ደብዳቤ ከደብረ ብርሃን

እኔ ደብረ ሲና ቆሎ ነው የምሸጠው። ስለ ፖስታ ቤት እጽፋለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ግን ዘንድሮ ከአደራ ደብዳቤ፣ ተቀባዩ ፈርሞ ከሚወስደው የፖስታ ቤት ደብዳቤ፣ የበለጠ የጠቀመኝ ነገር የለም። ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5ቱ አራት ተኩል እሰጣለሁ። ግማሿን ለምን እንዳስቀረሁ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለወንድሜ ልጅ ዋስ ሆንኩ። ባጃጅ ሊገዛ ነው፣ እናቱ የለችም፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ፈረምኩ። ባጃጇ አንድ ዓመት ሠርታ ተገለበጠች። ልጁ ተርፏል፣ ተመስገን። ክፍያው ግን እዚያው ላይ ቆመ።

ዘንድሮ ሚያዝያ መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ካለ አንድ የጠበቃ ቢሮ ደብዳቤ መጣልኝ። አበዳሪው ዕዳውን እንዲሰበስብለት የወከለው ቢሮ ነው። 61,400 ብር በ15 ቀን ውስጥ ክፈይ፣ አለዚያ ክስ ይላል። ያን ቀን አንድ ምጣድ ሽንብራ አሳረርኩ።

ማታ የዋስትናውን ውል አወጣሁ። «እስከ 40,000 ብር ድረስ» ይላል፣ በፊደልም በአኃዝም። ልጁ የከፈለባቸው ሰባት የባንክ ደረሰኞችም አሉ። እነሱ የላኩት ሒሳብ ላይ አንዳቸውም አልተቀነሱም። ይዤ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ደጃፍ ወደሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ሄድኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበና «እትዬ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 እኮ የዋስትናው ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። የእርስዎ ልክ ተጽፏል፣ 40,000 ነው። ታዲያ 61,400 ከየት መጣ?» አለኝ። እኔም እሱን ነው የምጠይቀው!

ሦስት ገጽ ጻፈልኝ። የዋስትናው ልክ፣ ያልተቀነሱት ደረሰኞች፣ በመጨረሻም «የሒሳቡ ዝርዝር ይላክልኝ» የሚል። ሚያዝያ 24 ቀን ፈረምኩበት።

መጻፉ ቀላል ነው። ፈተናው ማድረሱ ነበር።

መጀመሪያ በጎረቤት ልጅ እጅ ላክሁት። ለጸሐፊዋ ሰጥቷት መጣ። ከ10 ቀን በኋላ ብደውል «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» አለችኝ። ልጁን ቅጂው ላይ አስፈርመሃል ወይ ብለው አፈጠጠብኝ። ምን ያድርግ፣ አልነገርኩት። ቀጥዬ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁ። መከፈቱን የሚያሳየው ሁለተኛው ምልክትም ወጣ። «ያ የሰው የግል ስልክ ነው፣ የቢሮው አይደለም» ተባልኩ። እሺ፣ ራሴ ልሂድ። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ ወጥቼ፣ 190 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ገባሁ። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ከፍታ እስከ መጨረሻው አነበበች። «መቃወሚያ ነው?» አዎ። «ጠበቃው በሌሉበት ቅጂ ላይ መፈረም አልችልም።» መቼ ይመጣሉ? «አይታወቅም።»

ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው የገባኝ። በእጅ ስትሰጡ ተቀባዩ መጀመሪያ ያነባል። ከዚያ ይፈርም አይፈርም ራሱ ይመርጣል። መዝገብ ቤት ያለው ደህና መሥሪያ ቤት ከሆነ ቅጂው ላይ ገቢ ብሎ ማኅተም መትቶ፣ ቁጥርና ቀን ጽፎ ይሰጣችኋል፣ ነገሩ ያልቃል። መቀበል የማይፈልግ ሰው ሲሆን ግን በእጅ መስጠት ከንቱ ልፋት ነው።

መላውን የሰጠችኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የእህቴ ልጅ ናት። እሷም አሜሪካ የሆስፒታል ሒሳቧ ዕዳ ሰብሳቢ እጅ ገብቶባት ያውቃል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሕግ አለ። ዕዳው ይህን ያህል ነው የሚለው ማስታወቂያ በደረሰሽ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወምሽ፣ ሰብሳቢው ማረጋገጫ እስኪልክልሽ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። ታዲያ መቃወሚያው መድረሱን ማሳየት ሊኖርብሽ ነው። እሷ ሰርቲፋይድ በሚሉት ፖስታ ላከች፣ ተቀባዩ የፈረመበት አረንጓዴ ካርድ ተመለሰላት። «አክስቴ፣ እዚያም እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም፣ ጠይቂ» አለችኝ። የእሷ ሕግ ደብረ ሲና ድረስ አይመጣም። ዘዴው ግን መጣ።

ግንቦት 21 ገብስ ልገዛ ደብረ ብርሃን ስወጣ ፖስታ ቤት ገባሁ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ከነጋቢዬ ነው መስኮቱ ላይ የቆምኩት። «ተቀባዩ ፈርሞበት ወረቀቱ ለእኔ የሚመለስበት የአደራ ደብዳቤ» አልኩ። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። «ሪኮማንዴ በይና!» ብለው ሳቁ። (ፖስታን በ1886 ዓ.ም. ያስጀመሩት ዐፄ ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አንጎለላ ነው። ሰውየው እንደ ቅርብ ዘመድ ነው የሚያወሯቸው።)

ፖስታው ላይ የሕንፃውን ስምና ፎቁን ጽፌ ነበር። ሰረዙት። «ፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው የምንፈልገው።» የቢሮው ሳጥን ቁጥር እነሱው የላኩልኝ ደብዳቤ ግርጌ ላይ ተገኘ። ከዚያ አሠራሩን አስረዱኝ። ሳጥኑ ውስጥ ማስታወቂያ ይገባል። ሰውየው መታወቂያውን ይዞ መስኮት ላይ ይመጣል። ይፈርማል። ፖስታው የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ፈርሞ ነው የሚያየው! ለእኔ የአገልግሎቱ ዋጋ እዚህች ላይ ነው። ከማን እንደመጣ ፖስታው ላይ ያያል። ምን እንዳለበት ለማወቅ ግን መፈረም አለበት።

አሁን ወደ ግማሿ ኮከብ። ተቀባዩ ፈርሞበት ለእኔ የሚመለሰው ካርድ የሚመሰክረው ፖስታው መድረሱን ብቻ ነው። ውስጡ ምን እንደነበረ አያውቅም። ነገ ተነስተው «ባዶ ወረቀት ነው የላክሽው» ቢሉኝስ? የእህቴ ልጅ ይህንንም አስባበት ነበር። ስለዚህ ፖስታውን ሳላሽግ ሄድኩ። ሰውየው የደብዳቤው መለያ ቁጥር ያለበትን ተለጣፊ ሲያወጡ ቁጥሩን በየገጹ ራስጌ ላይ ገለበጥኩ። በአር አር ይጀምራል፣ ዘጠኝ አኃዝ አለው፣ በኢቲ ያልቃል። የእኔም ቅጂ ላይ እንደዚያው። ካርዱ ላይ ባዶ ቦታ ስላየሁ በእስክሪብቶ «የሚያዝያ 24 የዕዳ መቃወሚያ፣ 3 ገጽና የ7 ደረሰኝ ቅጂ» ብዬ ጻፍኩበት። የጎረቤቴ ልጅና የገብስ ነጋዴዬ ሳሽግ አይተው ቅጂዬ ላይ ፈረሙ። ልጁ የበፊቱን ሊክስ ነው መሰል ሁለት ቦታ ፈረመልኝ።

ፖስታው ሚዛን ላይ ወጣ። ሚዛን ሳይ ዓይኔ አያርፍም፣ የሥራዬ ነገር ነው። ልክ ነው፣ ባዶውን ዜሮ ላይ ይቆማል። የቀኑን ማኅተም መቱ፣ ደብዘዝ ስላለ ቀለም ነክረው ደገሙት። የከፈልኩት ከአንድ ኪሎ ቆሎ ዋጋ በታች ነው። ለአዲስ አበባው ጉዞ ያወጣሁትን አታስታውሱኝ። የራሴ ሳጥን ስለሌለኝ የነጋዴዬን ቁጥር ነው በመመለሻነት የሰጠሁት። እናንተም የሰው ሳጥን ከተጠቀማችሁ ቁልፉን የያዘውን ሰው እየደወላችሁ አስታውሱት።

ካርዱ ሰኔ 15 እጄ ገባ። ሰኔ 8 ቀን ተፈርሞበታል። ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም። እኔ የጻፍኩት መስመርም ከፊርማው በላይ እንዳለ ተቀምጧል።

ደወልኩ። ያችው ጸሐፊ ናት። «አልደረሰንም ብዬሽ አልነበር?» አለችኝ።

«ሰኔ 8 ቀን የፈረመውን ሰው ስም ላንብብልሽ?» አልኳትና አነበብኩላት። የራሷ ስም ነው። ትንሽ ዝም አለች። የሲኒ ኮሽታ ሰማሁ። ከዚያ «አንዴ ይጠብቁ፣ ከጠበቃው ጋር ላገናኝዎት» አለች። ሁለት ወር ሙሉ «አንቺ» ስባል ቆይቼ ያን ቀን አንቱ ሆንኩ።

የሒሳቡ ዝርዝር ሐምሌ ውስጥ መጣ። ሰባቱም ደረሰኞች ተቀንሰዋል። የዋስትናው ልክ 40,000 መሆኑንም ጽፈዋል። ወለዱ ላይ ገና አልተስማማንም፣ ሁለተኛ መቃወሚያ እያስጻፍኩ ነው። እሱንም በዚያው መስኮት ነው የምልከው።

ካርዱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከውሉ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ መጣ። ሌላ ባጃጅ አግኝቻለሁ፣ ዋስ ብቻ ነው የጎደለኝ አለኝ። ቆሎ ቋጥሬለት ሸኘሁት።