ከተሳካለት ነጋዴ ወይስ ከከሰረው?

ቢዝነስ ለመጀመር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የተሳካለትን ነጋዴ ነው። ቁጭ ብሎ ማውራት፣ መጠየቅ። ደግ ነው። ደንበኛ አያያዙን፣ አቅራቢ አመራረጡን፣ ዱቤ ላይ ያለውን ጥንቃቄ ትማራለህ። ችግሩ፣ ታሪኩ በተነገረ ቁጥር እየተሞረደ ይሄዳል። «ጠንክሬ ሠራሁ» ይልሃል። ዕድሉን ይረሳዋል። (እኔም ብሆን እረሳው ነበር።)

የከሰረው ሰው ወሬ ሌላ ነው። አይጥምም፤ ግን ዝርዝር አለው። ሽያጩ እያደገ ጥሬ ገንዘቡ እንዴት እንዳለቀበት ይነግርሃል። ዕቃው በዱቤ ወጥቷል፣ ገንዘቡ አልተሰበሰበም፣ ደመወዝ ግን ወር ጠብቆ ይመጣል። ወረቀት ላይ ትርፍ እያለ ካዝናው ባዶ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ሰው በላይ የሚያስረዳህ የለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስታቲስቲክስ ባለሙያው አብርሃም ዋልድ ከውጊያ የተመለሱ አውሮፕላኖችን ጉዳት አጥንቶ ነበር። የተመለሱትን ብቻ ማየት ያሳስታል፤ ያልተመለሱትም መቆጠር አለባቸው። የተሳካላቸውን ብቻ ማነጋገርም ያው ነው።

በእርግጥ የከሰረም ሰው ሰበብ ያበዛል። ሁሉን በሸሪኩ ወይም በገበያው ሊያላክክ ይችላል። እኔ ግን አንድ ሰዓት ብቻ ቢኖረኝ ከሱ ጋር ነው የማሳልፈው። «ምን አጠፉ?» ብዬ አልጠይቅም፤ ያስከፋል። «ችግር እንዳለ መጀመሪያ የጠረጠሩት መቼ ነው?» እላለሁ። የተሳካለትን ደግሞ፦ «ሊዘጉት ትንሽ የቀረዎት ጊዜ ነበር?»