8ጂ7፦ የሙክ4 አንቲቦዲ ለለስላሳ ህብረ ህዋስ ዕጢዎች ያዋጣል?

ሙክ4 የሙሲን ቤተሰብ ፕሮቲን ነው፤ ቦታው እንደ ትልቁ አንጀት ያለ ንፍጥ የሚያመነጭ ሽፋን ነው። ሙክ4ን ቁራጭ ላይ ቡናማ ቀብቶ የሚያሳየውን አንቲቦዲ፣ 8ጂ7 የተባለውን ክሎን (ዓይነት)፣ የሚገዛ ላቦራቶሪ ግን ወጪውን የሚያካክሰው በአንድ ሳርኮማ (የለስላሳ ህብረ ህዋስ ካንሰር) ነው፦ በሎ-ግሬድ ፋይብሮሚክሶይድ ሳርኮማ።

ይህ ዕጢ በ1987 ሲገለጽ ጀምሮ አታላይ ነው። ህዋሶቹ ቀጫጭንና ገራም መሳይ ናቸው፣ ማይቶሲስ (የህዋስ መከፈል) እምብዛም አይታይም፤ ኮላጅን የበዛበትና ሚክሶይድ (ዝልግልግ) የሆነው ክፍል ይፈራረቃሉ። ወደ ሌላ አካል የማይሠራጩት ኒውሮፋይብሮማ፣ ዴስሞይድ ወይም ፔሪኒዩሪዮማ ነው ተብሎ ሪፖርት ይወጣለትና ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሳንባ ላይ ሊገኝ ይችላል። ኢኤምኤ የተባለው ሌላ ማርከርም (እሱ ራሱ ሙክ1 የተባለው ሙሲን ነው) አይገላግልም፤ ይህንንም ፔሪኒዩሪዮማንም ይቀባልና። በ2011 የወጣ የቦስተን ጥናት ሙክ4ን ሲሞክር 49ኙም ሎ-ግሬድ ፋይብሮሚክሶይድ ሳርኮማዎች ተቀቡ፤ ፔሪኒዩሪዮማ፣ ዴስሞይድና ኒውሮፋይብሮማ ግን አልተቀቡም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የዚህ ዕጢ ዘመድ ከሆኑት 41 ስክሌሮሲንግ ኤፒተሊዮይድ ፋይብሮሳርኮማዎች 32ቱ ተቀቡ። የሎ-ግሬድ ፋይብሮሚክሶይድ ሳርኮማ መለያ የሆነውን የኤፍዩኤስ ጂን መሰባበር በፊሽ (ጂንን በሚያበራ ቀለም በሚያሳይ ምርመራ) ማየት ለማይችል ላቦራቶሪ ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም።

ሲገዛ ኮንሰንትሬቱ (ያልቀጠነው) ይሻላል፤ ዳይሉሽኑን (የማቅጠኛ መጠኑን) በራሳችሁ ፎርማሊንና በራሳችሁ ብሎክ (ህብረ ህዋስ በሰም የተቀበረበት) ላይ መወሰን ያስችላል። 1:50፣ 1:100፣ 1:200 እና 1:400 ጎን ለጎን ሞክሩ። በ1:100 ከሠራ 0.1 ሚሊ ሊትር አንቲቦዲ 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በእጅ ለሚሠራ ስላይድ 0.2 ሚሊ ሊትር ስለሚበቃ 50 ስላይድ ያስኬዳል። የቀጠነው ሲቆይ ይደክማል፤ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ አቅጥኑ።

ፎርማሊን የሸፈነውን አንቲጅን (አንቲቦዲው የሚይዘውን ፕሮቲን) በማፍላት ለመመለስ ሲትሬት ፒኤች 6.0ን እና ትሪስ-ኢዲቲኤ ፒኤች 9.0ን ሁለቱንም ሞክሩ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው አንቲቦዲው ሳይሆን ቁራጩ ነው፦ ኮላጅንና ሚክሶይድ የተቀላቀለበት ህብረ ህዋስ ሲፈላ ከስላይዱ ይላቀቃል፣ የታጠፈው ቦታም ቀለም ይይዝና ፖዘቲቭ ይመስላል። ከ3 እስከ 4 ማይክሮን ቁረጡ፣ ቻርጅድ ስላይድ ተጠቀሙ፣ በ60 ዲግሪ ለ1 ሰዓት አድርቁ፤ ከፈላ በኋላ ከነፈሳሹ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ እንጂ ትኩሱን አታውጡት።

ለኮንትሮል (ቀለሙ መሥራቱን ለማረጋገጫ) ጤነኛ ትልቅ አንጀት ይበቃል፤ የሽፋኑ ህዋሶች ሳይቶፕላዝም ይቀባል፣ ከሥሩ ያለው ጡንቻ ንጹህ መሆን አለበት። ጡንቻው ቡናማ ካለ ዳይሉሽኑ ወፍሯል ወይም እጥበቱ አንሷል ማለት ነው። ጤነኛ ቆሽት ጥሩ ኔጌቲቭ ኮንትሮል ነው። አንጀት ግን በጣም ጠንካራ ስለሆነ አንቲቦዲው መድከም ሲጀምር አይናገርም፤ ስለዚህ ከተረጋገጠ ሎ-ግሬድ ፋይብሮሚክሶይድ ሳርኮማ ብሎክ አንድ ቁራጭ በየስላይዱ ጠርዝ ማስቀመጥ እጅግ ይጠቅማል።

ንባቡ ላይ አትቸኩሉ። በ4 እጥፍ ማጉያ ሚክሶይዱ ክፍል ባዶ ይመስላል፣ የህዋሶቹ ሳይቶፕላዝም ቀጭን ነውና። በ40 እጥፍ ሲታይ ከኒውክሊየሱ ግራና ቀኝ የሚሄድ ጥሬ ጥሬ ያለው ቡናማ ክር ይገኛል። ቀለሙ ኒውክሊየስ ላይ ብቻ ከሆነ አይቆጠርም።

የ8ጂ7 ትልቁ ድክመት ካርሲኖማን (ከሽፋን ህዋስ የሚነሳ ካንሰርን) ከሳርኮማ አለመለየቱ ነው። የቆሽትና የሳንባ አዴኖካርሲኖማ በብዛት ይቀባሉ። በመርፌ ናሙና ክብ ክብ ህዋሶች በኮላጅን መሃል ተሰልፈው ሙክ4 ፖዘቲቭ ሲሆን፣ ኬራቲን (የካርሲኖማ ማርከር) ሳይታይ ሳርኮማ ብሎ መፈረም አደገኛ ነው። ሞኖፌዚክ (ግላንድ የሌለው) ሲኖቪያል ሳርኮማም አንዳንዴ እዚህም እዚያም ይቀባል፤ የባይፌዚኩ (ግላንድ ያለው ዓይነት) ግላንዶች ደግሞ አጥብቀው ይቀባሉ። ከአጥንት የመጣ ናሙና ከሆነ ካልሲየሙ በኢዲቲኤ ወጥቶ የለሰለሰውን ምረጡ፤ በጠንካራ አሲድ የቆየ ብሎክ ላይ የሚታይ ኔጌቲቭ ውጤት እንደ ኔጌቲቭ ሊጻፍ አይገባም።