ዲክሽነሪን በሥዕል የሚያሳየው «ፓይተን ቲውተር»

ፕሮግራሚንግ የሚጀምሩ ተማሪዎች ቁልፍንና እሴትን አጣምሮ የሚይዘውን ዲክሽነሪ መጻፍ ብዙም አይከብዳቸውም፤ የሚከብዳቸው ኮዱ ሲሠራ ውስጡ ምን እንደሚለወጥ መከታተል ነው። ፊሊፕ ጉዎ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው በፕሮግራሚንግ ቋንቋው በፓይተን የተጻፈ ኮድ ሲሠራ በሥዕል የሚያሳየው «ፓይተን ቲውተር» የተባለው ነፃ ድረ ገጽ ይህን ችግር ከማውቃቸው መሣሪያዎች ሁሉ በተሻለ ያቃልላል። ኮዱን መስመር በመስመር እያስኬደ፣ አሁን የተፈጸመውን በአረንጓዴ፣ ቀጥሎ የሚፈጸመውን ደግሞ በቀይ ቀስት ይጠቁማል፤ ወደ ኋላ መመለስም ይቻላል።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚቆጥር አጭር ኮድ ቢገባለት፣ አዲስ ቃል ሲያገኝ በዲክሽነሪው ሥዕል ላይ አዲስ ረድፍ ይጨምራል፤ ቃሉ ሲደገም ግን ረድፉ እንዳለ ሆኖ ከቁልፉ ጎን ያለው ቁጥር ብቻ ያድጋል። አንድ ቁልፍ በአንድ ዲክሽነሪ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንደማይገኝ በዚህ መልኩ ያየ ተማሪ ተጨማሪ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንካሬው ግን ከእሴቶቹ የሚነሱት ቀስቶች ናቸው። «ፍሮምኪስ» በሚባለው ትእዛዝ የአበበን፣ የጫልቱንና የሐጎስን ስም ቁልፍ አድርገን ለውጤት መመዝገቢያ አንድ ባዶ ሊስት (እሴቶችን በተርታ የሚይዝ ዝርዝር) ብንሰጥ፣ ሦስቱም ቀስቶች ወደዚያው ሊስት ሲያመሩ ይታያል፤ ለአበበ የተመዘገበው 85 በሌሎቹም ስም ለምን እንደተገኘ ወዲያው ግልጽ ይሆናል። የሌለ ቁልፍ ሲጠየቅ ፓይተን «ኪ ኤረር» (የቁልፍ ስሕተት) ብሎ ይቆማል፤ በዚህኛው ስሕተት ግን ምንም ስለማይል ጀማሪውን ክፉኛ ያደናግራል።

ድክመቶችም አሉት። ከ1000 እርምጃ በላይ የሚፈጅ ኮድ ይቋረጣል፤ ለዳታ ትንተና የሚያገለግለውን ፓንዳስን የመሰሉ ላይብረሪዎችም (ተዘጋጅተው የሚገኙ የኮድ ስብስቦች) አይሠሩበትም፤ ለጀማሪ መልመጃ ግን ይህ እምብዛም አያሳስብም። ይልቁንም ዲክሽነሪውን እንደ ተራ ሠንጠረዥ ብቻ ስለሚስለው፣ ሊስት ቁልፍ መሆን የማይችለው ለምን እንደሆነ ከሥዕሉ መረዳት አይቻልም፤ ይህን መምህሩ ራሱ ማስረዳት ይኖርበታል። በስልክ መጠቀምም አይመችም፤ ኮዱንና ሥዕሉን ጎን ለጎን ለማየት ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። መምህራን ያዘጋጁትን ምሳሌ በሊንክ ለተማሪዎቻቸው መላክ መቻላቸው ደግሞ፣ ኮዱን በሰሌዳ ላይ ከመገልበጥ ያሳርፋቸዋል።