ለሕንፃ መሠረት የአፈር ምርመራ፦ የሙከራ ጉድጓድ ወይስ የማሽን ቁፋሮ?

ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚወርድ የሙከራ ጉድጓድ አፈሩን በዓይን ያሳያል። ጥቁሩ ሸክላ የት እንደሚያበቃ፣ በሙሌቱ ውስጥ የተቀበረው የጡብ ስባሪና ፌስታል ሳይቀር ግድግዳው ላይ ይታያል፤ ጠባቡ የማሽን ቀዳዳ ይህን ሊስተው ይችላል። ለቀላል ቤት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ግን ከ1.2 ሜትር በታች ያለ ድጋፍ ሰው አይግባ፤ ግድግዳው ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። የኮለን (የሕንፃው ምሰሶ) ቦታ ላይም አይቆፈር፤ ተመልሶ የተሞላ አፈር ይሰምጣል።

ፎቁ ሲበዛ ወይም ምድር ቤት ሲኖር ማሽን የግድ ነው፤ የመሠረቱ ጫና ከስፋቱ እጥፍ ያህል ጥልቀት ድረስ ይሰማል። የአፈሩን ጥንካሬ ለማወቅ በቀዳዳው ሥር ቱቦ እየተመታ በሚሰራው የመዶሻ ሙከራ 63.5 ኪሎ ክብደት ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይለቀቃል፤ የመጀመሪያዎቹ 15 ሴንቲ ሜትር ምቶች ተትተው የቀጣዩ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቆጠራል። በደቃቅ አሸዋ ውስጥ የቀዳዳው ውሃ ከዙሪያው ዝቅ ካለ አሸዋው ከሥር እየፈላ ይላላል፤ ደህናው አፈር ደካማ ሆኖ ይመዘገባል።

በከርሰ ምድር ውሃው ልክ ግን ሁለቱም ያሳስታሉ። ማሽኑ ራሱ ውሃ እየረጨ ከቆፈረ የዕለቱ ንባብ አይታመንም፤ ሸክላ ውስጥ ደረቅ የመሰለ ጉድጓድም ከቀናት በኋላ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ የተበሳሳ ቱቦ ተከቶ፣ ዙሪያው በአሸዋ ተሞልቶ፣ ላዩ በሸክላ ታሽጎ ለሳምንታት ይለካ፤ በተለይ በዝናብ ወቅት።